የፕሮቶን ጨረር ወደ ራስ ቅል ወለል የሚደርስባቸው መንገዶች

የራስ ቅል ወለል የሚባለው አንጎል ያረፈበት፣ ከዓይን ጉድጓዶች ጀርባ ተነሥቶ እስከ አንገት መጋጠሚያ የሚዘልቅ ወጣ ገባ የአጥንት ንጣፍ ሲሆን፣ ለአንጎል ደም የሚያደርሱት የደም ሥሮችና ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመዋጥ፣ ፊትንና ምላስን ለማንቀሳቀስ የሚያገለግሉት ነርቮች የሚያልፉት በዚሁ ንጣፍ ቀዳዳዎች በኩል ነው። በንጣፉ መካከል ክላይቨስ የሚባለው ዘቅዛቃ አጥንት ይገኛል፤ ከእርሱ ጀርባ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትንና ንቃትን የሚመራው የአንጎል ግንድ አለ። በዚህ ቦታ ዕጢ ሲበቅል ሐኪሞችን እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት ግዴታዎች ይገጥሟቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ ነርቮቹንና የደም ሥሮቹን ሳይጎዳ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ስለማይሆንለት ቀሪው በጨረር መመታት አለበት፤ ቀሪውን ለመግታት የሚያስፈልገው የጨረር መጠን ግን አጠገቡ ያለው ጤነኛ አካል ከሚችለው በላይ ነው። ኮርዶማ ለተባለው ዕጢ ከ70 ግሬይ በላይ፣ ብዙውን ጊዜም 74 ግሬይ ገደማ ሲታዘዝ፣ ለአንጎል ግንድ የላይኛው ገጽ የሚፈቀደው 64 ግሬይ ገደማ፣ ለመካከሉ ደግሞ 54 ግሬይ ገደማ ነው። ግሬይ አንድ ኪሎ ግራም አካል የዋጠው የጨረር ጉልበት በጁል የሚለካበት መስፈሪያ ነው። እንግዲህ የፕሮቶን ማድረሻ ሥርዓቶችን ማነጻጸር ማለት ሌላ ሳይሆን፣ ከ74 ወደ 54 የሚወርደውን ይህን ቁልቁለት የትኛው መሣሪያ በስንት ሚሊ ሜትር ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው።

በዚህ ወለል ላይ የሚበቅሉት ዕጢዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ሜኒንጂዮማ በብዛት የሚታይና በአመዛኙ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ የፕሮቶን ሕክምና ታሪክ ግን በተለይ የተሳሰረው ከሁለት ብርቅ ዕጢዎች ጋር ነው። አንደኛው ኮርዶማ፣ ፅንስ የጀርባ አጥንቱን ከመሥራቱ በፊት በጀርባው በኩል የሚዘረጋው ኖቶኮርድ የተባለ ገመድ ከሚተወው ቅሪት ይነሣል፤ ሁለተኛው ኮንድሮሳርኮማ ደግሞ የሚነሣው ከልም አጥንት፣ ማለትም በጆሮና በአፍንጫ ጫፍ እንዳለው ካለ ተጣጣፊ አጥንት ነው። በምዕራባውያን የካንሰር መዝገቦች መሠረት ኮርዶማ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንዱን ገደማ የሚይዝ ሲሆን፣ ከታማሚዎቹም በሲሶ ያህሉ ላይ የሚገኘው በራስ ቅል ወለል ነው። ለምሳሌ፣ ከሚሴ ዋና ከተማው የሆነችለት የአማራ ክልሉ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 457 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው። ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ መጨመሩ ባያጠራጥርም፣ በዚሁ ስሌት ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ ባሉት ወረዳዎች ሁሉ የራስ ቅል ወለል ኮርዶማ ሊጠበቅ የሚችለው በበርካታ ዓመታት አንዴ ነው። ስለዚህ በከሚሴ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ታማሚ ቢያጋጥመው ነው፤ ያም ታማሚ የሚመጣው ዕጢ አለብኝ ብሎ ሳይሆን፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ እየታየኝ ተቸገርኩ ብሎ ነው።

ምክንያቱም ዓይንን ወደ ውጭ የሚመልሰው ስድስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ከአንጎል ግንድ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚያቀናው የክላይቨስን ጀርባ ታክኮ ሽቅብ በመውጣት ስለሆነ፣ ከአጥንቱ ውስጥ የሚገፋ ዕጢ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው። ሐኪሙ ታማሚው ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ጣቱን እንዲከተል ይነግረዋል፤ ጣቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ግራው ዓይን ተከትሎት ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ቀኙ ግን መሐል ላይ ደርሶ ይቆማል። አንደኛው ዓይን ሲሸፈን ድርብ ምስሉ ይጠፋል። ይህ ምርመራ ከጣትና ከብርሃን በቀር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና በራስ ቅል ውስጥ የሚፈጠር ግፊትም ይህንኑ ነርቭ ሊያደክሙት ስለሚችሉ ምልክቱ ብቻውን ዕጢን አያረጋግጥም፣ ነገር ግን በመነጽር የማይስተካከልና ሳምንታት አልፈውት የማይሻል ከሆነ ለኤም አር አይ ምርመራ ሪፈር የሚያስጽፍ በቂ ምክንያት ነው። ከከሚሴ ደሴ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን በኩል 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ዕጢው በዚህ መንገድ ላይ በሚባክኑ ወራት ምን ያህል እንደሚያድግ የማድረሻ ሥርዓቶቹ ንጽጽር ሲጠናቀቅ ትልቅ ትርጉም የሚያገኝ ጉዳይ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ሕክምና የመጀመሪያ እርምጃ ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲና ከሃውከላንድ ሆስፒታል ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ቀደም ሲል በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ባለሙያዎች በዝተው ከመዲናዋ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎችም መሥራት ጀምረዋል። የጨረር ሕክምናው ታሪክ ከዚያ ይቀድማል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምናው የተጀመረው በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት መሣሪያ ሲሆን፣ አገሪቱ ለረጅም ዓመታት የነበራት የጨረር ሕክምና ማዕከል ይኸው ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማንና ሐሮማያን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው፣ ራጅን በከፍተኛ ጉልበት የሚያመነጨው መሣሪያ ሥራ ጀምሯል። የፕሮቶን ማዕከል ግን ኢትዮጵያ የላትም።

በሊኒየር አክስለሬተር የሚመነጨው ራጅ ቆዳን አልፎ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ከፍተኛ መጠኑን ከሰጠ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ በሌላው ወገን ይወጣል፤ ዕጢውን ካለፈ በኋላም ከፊቱ ያለውን ጤነኛ አካል ሁሉ ይመታል። ፕሮቶን፣ ማለትም የሃይድሮጅን አቶም አስኳል፣ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ክብደትና ኤሌክትሪካዊ ሙላት ያለው ቅንጣት በመሆኑ ሲጓዝ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር በየሚሊ ሜትሩ የሚተወው ጉልበት ይጨምራል፤ ሊቆም ሲል የቀረውን ጉልበቱን አራግፎ በዚያው ይቆማል። ይህን የመጨረሻ ጉብታ አስቀድሞ በአልፋ ቅንጣቶች ላይ ያየው እንግሊዛዊው ዊልያም ብራግ ስለሆነ የብራግ ጫፍ ተብሎ ይጠራል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1946 ይህ ጠባይ ለሕክምና እንደሚውል በጽሑፍ አመለከተ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የመጀመሪያው ታማሚ በፕሮቶን ታከመ። ፕሮቶኑ የሚቆምበት ጥልቀት የሚወሰነው ሲነሣ በተሰጠው ጉልበት ነው፤ 100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የተሰጠው በውኃ ውስጥ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 150 የተሰጠው 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የራስ ቅል ወለል ከጎን ሲለካ ከእነዚህ ጥልቀቶች መካከል ስለሚውል፣ ዛሬ በገበያ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጉልበቱን ይደርሱበታል። ልዩነታቸው የሚጀምረው አንዱን ቀጭን ጨረር ለዕጢው ቅርጽ እንዲስማማ አድርጎ በማስፋት ላይ ነው።

የመጀመሪያውና ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዋነኛ የነበረው ዘዴ ብተና ይባላል። ፕሮቶኑን ከሚያፋጥነው መሣሪያ፣ ማለትም ከማፋጠኛው፣ የሚወጣው የእርሳስ ውፍረት ያህል እንኳ የሌለው ጨረር በስስ የብረት ቅጠሎች ውስጥ ሲያልፍ ይበተንና ይሰፋል፤ ውፍረቱ በየደረጃው የሚለያይ ተሽከርካሪ መንኮራኩር ደግሞ ጉልበቱን እየቀያየረ የብራግን ጫፍ ከዕጢው ፊት እስከ ጀርባው ያዳርሰዋል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ታማሚና ለእያንዳንዱ የጨረር አቅጣጫ ለብቻ የሚሠሩ ሁለት ዕቃዎች ይገባሉ። አንደኛው በዕጢው የዳር ቅርጽ የተፈለፈለ የናስ ሰሌዳ ሲሆን፣ ከዳሩ ውጭ የሚሄደውን ጨረር ያስቀራል። ሁለተኛው ማካካሻ የሚባለው፣ ከሰም ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጸ ጉድጓዳማ ማገጃ ሲሆን፣ ጨረሩ የሚቆምበትን የኋላ ጠርዝ ከዕጢው የኋላ ቅርጽ ጋር ያስማማል። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች በሃርቫርድ ሳይክሎትሮን ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የራስ ቅል ወለል ኮርዶማን በተከፋፈለ መጠን ማከም የቻሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በካሊፎርኒያ የተከፈተው የሎማ ሊንዳ ማዕከልም፣ የመጀመሪያው በሆስፒታል ውስጥ የተተከለ የፕሮቶን ተቋም ሆኖ፣ ሥራ የጀመረው በዚህ ዘዴ ነው። አፍሪካም የራሷ ምዕራፍ አላት፤ ከኬፕታውን ወጣ ብሎ ፎር በተባለው ቦታ የሚገኘው፣ ዛሬ አይቴምባ ላብስ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ 200 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሆነና በአንድ አግድም አቅጣጫ በተተከለ ጨረር በተለይ የራስ ቅልን ዕጢዎች አክሟል። ታማሚው ጭንብል አጥልቆ ሲቀመጥ በጭንብሉ ላይ የተለጠፉትን ምልክቶች ካሜራዎች እያነበቡ ቦታውን ያስተካክሉ ነበር። ያ አገልግሎት ዛሬ ተቋርጧል፤ አህጉሩ በእጁ የገባውን እንዲህ ያለ ዕውቀት ሳያስፋፋው መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

የብተና ዋነኛ ጉድለት ከዕጢው ፊት ለፊት ይታያል። መንኮራኩሩ የሚሰጠው ርዝመት ጨረሩ በሚሸፍነው ሜዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ዕጢው በሚወፍርበት ቦታ የሚያስፈልገው ርዝመት በሚሳሳበትም ቦታ ይሰጣል፤ ትርፉም ከዕጢው በፊት ባለው ጤነኛ አካል ላይ ያርፋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኮርዶማ የአንጎልን ግንድ እንደ ፈረስ ጫማ ሲከበው ነው፤ አንድ የተበተነ ሜዳ ይህን ጎድጓዳ ቅርጽ ሊከተል ስለማይችል፣ ዕቅድ አውጪዎቹ ዕጢውን ከፋፍለው የአንዱን ሜዳ ጠርዝ ከሌላው ጋር መግጠም ይገደዳሉ፣ በግጣሙም ላይ መጠኑ ሊበዛ ወይም ሊጎድል ይችላል። በተጨማሪም ናሱ ጨረሩን ሲያስቀር ኒውትሮን የተባሉ ቅንጣቶች ስለሚፈልቁና መላ አካልን በጥቂቱ ስለሚያዳርሱ፣ ይህ በተለይ ለሕፃናት የሚያሳስብ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ቅኝት ሲሆን፣ በስዊዘርላንድ፣ ቪሊገን በሚገኘው የፓውል ሸረር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 በሚዞር ክንድ ላይ ለታማሚ ውሏል። በዚህ ዘዴ ጨረሩ አይበተንም፤ ማግኔቶች ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች እየጎተቱት በዕጢው ውስጥ ነጥብ በነጥብ መጠኑን ያስቀምጣል፣ አንዱ ንብርብር ሲያልቅ ጉልበቱ ዝቅ ይልና ቀጥሎ ያለው ይሞላል። በቦርከና ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ገበሬ ቦዩን ከፍቶ መደቡን በአንዴ በሚያጠጣበትና በየችግኙ ሥር የሚበቃውን ውኃ ለክቶ በሚያፈስበት አሠራር መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ መጠን ስላለው፣ ኮምፒዩተሩ የተለያዩ አቅጣጫዎችን ነጥቦች አንድ ላይ አስልቶ የአንጎልን ግንድ የሚከብ ጎድጓዳ ቅርጽ መሥራት ይችላል፤ የናስ ሰሌዳና ማካካሻ ለየታማሚው መሥራትም ግድ አይሆንም።

ቅኝት በሳንባና በጉበት ላይ የሚቸገርበት ዋናው ነገር፣ ዕጢው ከትንፋሽ ጋር ሲንቀሳቀስ ነጥቦቹ ተዛንፈው መቀመጣቸው ነው። የራስ ቅል ወለል ግን አጥንት ስለሆነ ከትንፋሽ ጋር አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የዘዴው ትልቁ ድክመት እዚህ ቦታ የለም፣ ትልቁ ብርታቱ ደግሞ እዚሁ ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ይፈለጋል፤ ለዚህ ዕጢ ቅኝት ተመራጭ የሆነበትን ምክንያት ከዚህ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። ይሁንና አንድ ሁልጊዜ የማይነገር ነገር አለ። የነጥቡ ጠርዝ እንደ ናስ ሰሌዳ ጠርዝ የተቆረጠ ሳይሆን ከመሐሉ ወደ ዳሩ እየሳሳ የሚሄድ ነው፤ ጉልበቱ ዝቅ ባለ ቁጥርም ነጥቡ ይሰፋል። ከ4 ሴንቲ ሜትር በማያልፍ ጥልቀት ላለ ዕጢ፣ ለምሳሌ በአፍንጫ ጀርባ ላለው፣ ከመሣሪያው ዝቅተኛ ጉልበት በታች መውረድ ስለማይቻል ጨረሩን የሚያደክም ሰሌዳ ይገባል፤ ሰሌዳው ከፊት ርቆ ከተቀመጠ ነጥቡ በመካከሉ ባለው አየር ውስጥ ይበልጥ ይሰፋል። ስለዚህ ጥልቀቱ አነስተኛ ለሆነ ዕጢ አሮጌው የናስ ሰሌዳ ከአዲሱ ቅኝት የተሻለ የጎን ጠርዝ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። የዛሬ አምራቾችም ይህን ተረድተው ሁለቱን እያዋሐዱ ነው፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች በየንብርብሩ ቅርጹን የሚለዋውጥ ተንቀሳቃሽ መጋረጃ ነጥቦቹን በዳር በኩል ይቆርጣቸዋል። ጥልቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ፕሮቶኑ በአካሉ ውስጥ ብቻ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለሚንሸራተት፣ ከመሣሪያው በኩል የሚገኘው ጥቅም እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህን መንሸራተት የሚቀንሰው ከፕሮቶን የከበደው፣ በጃፓን ቺባና በጀርመን ሃይድልበርግ የሚሰጠው የካርቦን ጨረር ነው።

ስለ ማፋጠኛው ራሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሳይክሎትሮን ጨረሩን በአንድ ቋሚ ጉልበት ሳያቋርጥ ስለሚያወጣ ጉልበቱን በግራፋይት ማሳነስ ይጠይቃል፤ ሲንክሮትሮን የሚፈለገውን ጉልበት ራሱ ይመርጣል፣ ነገር ግን ጨረሩን በየሰከንዱ ወይም በየሁለት ሰከንዱ እያቋረጠ ይሰጣል። ለማይንቀሳቀስ ዕጢ ይህ ልዩነት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ እንጂ የውጤት ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ገንዘቡንም ሕንፃውንም የሚወስነው ጋንትሪ የሚባለው፣ ጨረሩን በታማሚው ዙሪያ የሚያዞረው ክንድ ነው። ፕሮቶንን ለማጠፍ ኃይለኛ ማግኔቶች ስለሚያስፈልጉ ትልልቆቹ ጋንትሪዎች ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋትና ከ100 ቶን በላይ ክብደት አላቸው፤ ያም ሆኖ መዛነፋቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ብዙ ክፍል ያለው ማዕከል ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚፈጀውም በአብዛኛው በዚህና ጨረሩን በሚያግደው ወፍራም ኮንክሪት ምክንያት ነው። ነገር ግን ራስ ከሌላው አካል በተለየ በቀላሉ የሚዞርና የሚቀመጥ ነው፤ ሃርቫርድ፣ ፎርና የፈረንሣዩ ኦርሴ ለዓመታት ጥሩ ሥራ የሠሩት ጨረሩን በማዞር ሳይሆን ታማሚውን በማዞር ነበር። ዛሬ ቀጥ ብሎ በተቀመጠ ታማሚ ላይ ሲቲ ስካን የሚያነሡ መሣሪያዎች በመምጣታቸው ይህ አሮጌ ሐሳብ እንደገና ተነሥቷል። ወደፊት በኢትዮጵያ የፕሮቶን ማዕከል ይታሰብ ከተባለ፣ ግዙፍ ጋንትሪ ከመትከል ይልቅ ባለአንድ ክፍል ቅኝት፣ የተተከለ ጨረርና የሚዞር ወንበር የሚለው አማራጭ በጥሞና ሊጠና ይገባዋል፤ የሚሽከረከር ክብደት በቀነሰ ቁጥር መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ የሚቆም ሕክምናም ይቀንሳልና።

የማድረሻ ሥርዓቶቹ የሚፈተኑበት ሌላው ጉዳይ ፕሮቶኑ በእርግጥ የት እንደሚቆም ማወቅ ነው። ዕቅዱ የሚሠራው ከሲቲ ስካን ምስል ላይ ሲሆን፣ የምስሉ ጥቁረትና ንጣት ወደ ፕሮቶን ጉዞ ሲተረጎም ስሕተት ይኖራል። በስፋት በሚሠራበት አንድ ደንብ ይህ ስሕተት የጥልቀቱ 3.5 በመቶና 1 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይያዛል፤ ለ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲሰላ 4 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ይህም በክላይቨስና በአንጎል ግንድ መካከል ካለው ክፍተት ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ነው። በተጨማሪም ፕሮቶን ከራጅ በ1.1 እጥፍ ይበረታል ተብሎ በሁሉም ቦታ ቢሰላም፣ በጉዞው መጨረሻ ላይ ብርታቱ ከዚያ እንደሚጨምር ይታወቃል። ስለዚህ ጥሩ ዕቅድ አውጪ ጨረሩን ፊት ለፊት ወደ አንጎል ግንድ ልኮ ከበሩ ላይ ይቆማል ብሎ አይተማመንም፤ በጎን በኩል እንዲታከክ አድርጎ የሚያሳልፉ አቅጣጫዎችን ይመርጣል፣ ኮምፒዩተሩም ጨረሩ ጥቂት ቢያጥር፣ ጥቂት ቢረዝም፣ ጭንቅላቱ ጥቂት ቢዛነፍ መጠኑ የማይፈርስበትን ዕቅድ እንዲፈልግ ያዘዋል። ይህ ሥራ የሰው ዕውቀት ስለሆነ፣ መካከለኛ መሣሪያ በያዘ ብርቱ ቡድንና ምርጥ መሣሪያ በያዘ ልምድ አልባ ቡድን መካከል ያለው ልዩነት በብተናና በቅኝት መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ሕክምናው 2 ግሬይ በቀን እየሆነ 74 ሲሞላ 37 ቀን፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲታሰብ ደግሞ ሰባት ሳምንት አልፎ ይሄዳል፤ በእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ራስ በአንድ ቦታ መገኘት አለበት። ለዚህም በሙቅ ውኃ የለሰለሰ መረብ መሰል ፕላስቲክ ፊት ላይ ተጎትቶ ይለጠጥና በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆ የዚያን ሰው ብቻ ፊት ይይዛል። ከከሚሴና ከአካባቢዋ ለምትሄድ ሴት ታማሚ አስቀድሞ ሊነገራት የሚገባ ነገር አለ፤ ጭንብሉ የሚሠራው ሹሩባ ተፈትቶ ወይም በጣም ስስ ሆኖ፣ ቅቤም ሆነ ተቀጥላ ጸጉር ሳይኖር ሲሆን፣ ጸጉሩ እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚያው መቆየት ይኖርበታል፣ አለበለዚያ ጭንብሉ አይገጥምም፣ ፕሮቶኑም ከቆዳው በፊት ያልታሰበ ውፍረት ያልፋል። መሸፈኛዋን ስታወልቅ በክፍሉ ውስጥ ሴት ባለሙያ እንድትኖር መጠየቅ መብቷ ነው። ሕክምናው ከረመዳን ጋር ከገጠመ፣ ክብደት ሲቀንስ ጭንብሉ ስለሚላላ ስለ ጾሙ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ጉንፋንም ቢሆን ከቁጥር ይገባል፤ ዕቅዱ ሲወጣ አየር የነበረበት የአፍንጫ ጀርባ ክፍተት በፈሳሽ ሲሞላ ከፊት የሚመጣ ፕሮቶን ካሰበበት ቦታ ቀድሞ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ማዕከላት በሕክምናው መካከል ሲቲ ስካን ይደግማሉ።

ወደ ውጤቶቹ ስንመጣ ንጽጽሩ ያልተጠበቀ መልክ ይይዛል። በቦስተን በብተና ከታከሙት መካከል እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ጽሑፍ የራስ ቅል ወለል ኮርዶማ በአምስት ዓመት 73 በመቶ፣ በአሥር ዓመት 54 በመቶ ባለበት ተገትቶ ተገኝቷል፤ ኮንድሮሳርኮማ ግን በአሥር ዓመትም 94 በመቶ ተገትቷል። ከፓውል ሸረር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የቅኝት ውጤት ደግሞ በአምስት ዓመት ለኮርዶማ 81 በመቶ፣ ለኮንድሮሳርኮማ 94 በመቶ ነበር። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት የመሣሪያው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በመካከሉ ኤም አር አይም ቀዶ ሕክምናውም ተሻሽለዋልና፣ ሁለቱን ዘዴዎች ታማሚዎችን በዕጣ ደልድሎ ያወዳደረ ጥናትም በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የለም። ይልቁንም ዓይን የሚከፍተው ሎማ ሊንዳ በዚያው 1999 ያወጣችው የ58 ታማሚዎች ዘገባ ነው። 25 ሚሊ ሊትርና ከዚያ ያነሰ መጠን የነበራቸው ዕጢዎች ሁሉም ተገትተዋል፤ ከዚያ የበለጡት ግን የተገቱት 56 በመቶ ብቻ ናቸው። የአንጎልን ግንድ ካልነኩት 94 በመቶው ሲገታ ከነኩት ግን 53 በመቶው ብቻ ተገታ፤ ምክንያቱም ግንዱን ለማዳን የዕጢው አንድ ጠርዝ ያነሰ መጠን ይሰጠዋል። መሣሪያውም ሐኪሞቹም ያው ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ዕጢው ሲደርስ የነበረው መጠንና ከግንዱ የነበረው ርቀት ነው። 25 ሚሊ ሊትር ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነው። ከዚህ አንጻር በከሚሴ ወይም በባቲ የዓይን እንቅስቃሴን የሚፈትሽ ሐኪምና በወቅቱ የሚጻፍ ሪፈር የሚያተርፉት ውጤት፣ ከብተና ወደ ቅኝት በመሸጋገር ከሚገኘው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ፕሮቶን ለሚፈልግ ታማሚ ዛሬ ቀረብ የሚለው አማራጭ ሕንድ ነው። በቼናይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የአፖሎ ማዕከል ሁለት ጋንትሪና አንድ የተተከለ ጨረር ያሉባቸው ክፍሎች ሲኖሩት በቅኝት ይሠራል፤ በሙምባይ አቅራቢያ የታታ መታሰቢያ ማዕከል የተባለው የመንግሥት ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2023 ማከም ጀምሯል። ወጪው ለአብዛኛው የከሚሴ ቤተሰብ የማይቀመስ ስለሆነ፣ ፕሮቶን ባይገኝ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። ለሜኒንጂዮማ፣ እንዲሁም ከአንጎል ግንድና ከዕይታ ነርቭ ለራቁ ትንንሽ ቀሪዎች፣ በአገር ውስጥ ያለው ሊኒየር አክስለሬተር በጥንቃቄ የጨረሩን መጠን ከብዙ አቅጣጫ እየቀረጸ ሲሠራ ብዙ ጥቅም ይሰጣል፤ ፕሮቶን በመጠበቅ ወራት ማባከን ለእነዚህ ታማሚዎች ጉዳት ነው። የአንጎል ግንድን ለነካ ኮርዶማ ግን ፕሮቶን ወይም ካርቦን ቅንጦት አይደለም፤ እንዲህ ላለው ሰው የሕክምና ቦርዱ ውሳኔ መፋጠን፣ የውጭ ምንዛሪውም መፈቀድ ይገባዋል።

የሚጓዘው ሰው ፋይል ውስጥ መኖር ያለበት የምርመራ ወረቀት ብቻ አይደለም። የኤም አር አይና የሲቲ ስካን ምስሎች በፊልም ሳይሆን በሲዲ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡት ሁለቱም፤ ኮርዶማን ከኮንድሮሳርኮማ በልዩ ቀለም ለመለየት የሚያስችለው በሰም የተያዘው የናሙና ብሎክ፤ ቀዶ ሐኪሙ የት ላይ ዕጢ እንደተወና ምን ዓይነት ብረት እንደተከለ የሚገልጽ ማስታወሻ አብረው ሊሄዱ ይገባል። ብረቱ በሲቲ ምስሉ ላይ የሚፈጥረው ጥላ የፕሮቶኑን ጉዞ ስሌት ስለሚያዛባ፣ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ ታማሚው ለፕሮቶን እንደሚላክ ቢያውቅ ብረት የሚተክልበትን ቦታና መጠን ሊያስብበት ይችላል። ሲመለስም የሰጡት የዕቅድ ሰነድ፣ እያንዳንዱ አካል የዋጠውን መጠን የሚያሳየው ጭምር፣ በእጁ መሆን አለበት፤ ኮርዶማ ከአምስትም ከአሥር ዓመትም በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችልና ድጋሚ ጨረር ሊሰጥ የሚችለው የቀድሞው መጠን ከታወቀ ብቻ ስለሆነ። በየጊዜው ከሚደረገው ኤም አር አይ ጋር የዕይታና የመስማት ምርመራ፣ በአንጎል ሥር ካለው፣ ፒቱታሪ ከተባለው አካል የሚመነጩ ሆርሞኖች የደም ምርመራም ለዓመታት ይቀጥላል፤ ሆርሞኖቹ ጨረሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ቀስ ብለው ሊያንሱ ስለሚችሉ፣ ድካም፣ ብርድ የመፍራት ስሜትና የወር አበባ መቋረጥ ሲታዩ የደሴ ወይም የከሚሴ ሐኪም ምክንያቱን ከደም ማነስ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ሊፈልገው ይገባል።